በፍርሃት የተማረ ቋንቋ

በ፲፰፻፸፯ ዓመተ ምሕረት፣ በመስከረም ወር፣ በአንድ ዓርብ ቀን፣ ዘርአ ዳዊት የሚባል የሃያ ዓመት ዲያቆን ለብራና የሚሆን የፍየል ቆዳ ሊገዛ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ገበያ ወረደ። ይህን ዲያቆን አባትና እናቱ በልጅነቱ ስለሞቱበት አሳድገው፣ ዜማና ቅኔ አስተምረው ለቁም ነገር ያበቁት አጎቱ መምሬ ኪዳነ ማርያም ነበሩ። የመምሬ አንድያ ልጅ ወልደተንሣኤ ከሁለት ዓመት በፊት ከነጋዴዎች ጋር በአዳል በረሃ በኩል ወደ ባሕር ወርዶ እስካሁን ወሬው አልተሰማም። በዚያ ቤት ስሙ የሚነሣው በጸሎት ሰዓት ብቻ ነበር።

ዘርአ ዳዊት ቆዳውን ገዝቶ ከአንድ ግራር ጥላ ሥር ሲያርፍ፣ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ ሽማግሌ ከጨርቅ እስር ላይ የተለጠፈች ወረቀት ሲያነቡ አየና ጠጋ አለ።

«ጌታው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህ የዐረብ ጽሕፈት ነው?»

«አይደለም ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚሄደው። ይህ እንደ እናንተ ፊደል ከግራ ይነሣል። የእንግሊዞች ነው።»

«ምን ይላል?»

«‹ከውኃ ጠብቁት› ይላል። ይህን ጨርቅ ያመጡት ሰዎች ማንበብ ስለማያውቁ በረሃው ላይ ዝናብ ሲመታው አደረ። ግማሹ ሻግቷል። ወረቀቷ ግን መንገዱን ሙሉ እየጮኸች ነው የመጣችው።»

ሽማግሌው ሐጂ አብዱልጀሊል የሚባሉ የአልዩ አምባ ነጋዴ ነበሩ። ኤደን በሚባለው የባሕር ማዶ ወደብ ስምንት ዓመት ተቀምጠው፣ ከእንግሊዞች መጋዘን ሲሠሩ ቋንቋቸውን መናገርና ማንበብ ተምረዋል። ዘርአ ዳዊት ወረቀቷን ትኩር ብሎ አየ። ከልጅነቱ ጀምሮ ያላነበበው ጽሕፈት አልነበረም፤ እነሆ አሁን ግን እንደ መሃይም ቆሞ ያያል። ሳያስበው፣ «ያስተምሩኛል?» የሚለው ቃል ካፉ ወጣ፤ ከወጣ በኋላም ደነገጠ።

ሐጂ ፈገግ ብለው፣ «በየዓርቡ ና። እኔ ፊደሉን እንጂ ሌላ ነገር አላስተምርህም፤ አንተም በሃይማኖትህ፣ እኔም በሃይማኖቴ» አሉት።

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። ዓርብ ዓርብ ቆዳ፣ ቀለም፣ ጨው ልግዛ እያለ ይወርዳል። ሐጂ ከኤደን ያመጧት ጥራዟ የላላ አንዲት የልጆች መማሪያ መጽሐፍ ነበረቻቸው። ፊደሎቹ ሃያ ስድስት ብቻ መሆናቸውን ሲሰማ ቀላል መስሎት ነበር። የእኛ ፊደል አንድ ጊዜ ‹ሀ› ካለ ለዘላለም ‹ሀ› ነው፤ የእነርሱ ግን ዛሬ አንድ ድምፅ ሰጥቶ ነገ በሌላ ቃል ውስጥ ሌላ ይሆናል፤ አንዳንዱም ተጽፎ ሳለ ዝም ይላል። «አይታመንም» ይል ነበር ዘርአ ዳዊት። «እንደ ሰው ተላምደው ነው የሚያውቁት» ይሉታል ሐጂ።

ከትምህርቱ ክብደት ይልቅ ግን ያስጨነቀው ፍርሃቱ ነበር። አዲሱ ቃል በገባ ቁጥር የቀድሞው እንዳይወጣ ይፈራል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ከሁሉ በፊት መዝሙረ ዳዊትን ከመጀመሪያው መዝሙር ጀምሮ በቃሉ ይወጣል፤ አንድ ቃል ሲጠፋው ላብ ያጠምቀዋል፤ ሲያገኘው እፎይ ይላል። የተማራቸውን ቃላት በብራና ቁራጭ እየጻፈ በመጽሐፉ ማኅደር ውስጥ ይደብቃቸው ነበር። ደብቆ መማር ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው፤ የሚጠይቁት የለም፣ የሚደግሙት የለም፣ ጥቂቱን በጆሮ አንጠልጥሎ ለሳምንት መቆየት ነው። በዚህ ዓይነት ዓመት ከመንፈቅ ሄደ።

በመጋቢት ወር መምሬ ኪዳነ ማርያም አንድ ምንባብ ሊያመሳክሩ የዘርአ ዳዊትን ማኅደር ከፈቱት። የብራና ቁራጮቹ ጉልበታቸው ላይ ተበተኑ። ወጣቱ ከደጅ ሲገባ አጎቱ ቁራጮቹን በመደዳ ደርድረው ተቀምጠው አገኛቸው።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ መምሬ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «አስማት ነው እንዳልል፣ አስማት እንኳ በእኛ ፊደል ነው የሚጻፈው።»

«የእንግሊዝ ቋንቋ ነው፣ አባቴ።»

«ከማን ነው የተማርኸው?»

«ከሐጂ አብዱልጀሊል።»

«ተቀመጥ» አሉት መምሬ። «ልቆጣህ አልፈልግም፤ ፈርቼልሃለሁና። ገብረአብን ታስታውሰዋለህ? የጎረቤታችንን ልጅ? ከፈረንጆች ጋር ሦስት ዓመት ዞረ። በመጀመሪያ ቋንቋቸውን ለመደ፤ ቀጥሎ ጾሙን ተወ፤ በመጨረሻ ማተቡን በጥሶ መጣ። እናቱ ልጇ ሳይሞት አለቀሰችለት። ቋንቋ ብቻውን አይገባም ልጄ። ጓዙን ይዞ ነው የሚገባው።»

«አባቴ፣ እኔ አንድ ቀን ጾም አልሻርሁም። ከሐጂም ቤት እህል አልቀመስሁም። እርሳቸውም ስለ ሃይማኖት አንድ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም።»

«ዛሬ ጾም ሻርህ አላልሁህም። የምፈራው ነገን ነው። ደግሞስ የእነማን ቋንቋ ነው? እኔ ጎልማሳ ሳለሁ መቅደላ የሆነውን ሰምቻለሁ። መጻሕፍታችንን በዝሆንና በበቅሎ ጭነው የወሰዱ ሰዎች ቋንቋ ነው።»

ዘርአ ዳዊት መሬት መሬት እያየ መለሰ። «እኔንም የሚያስፈራኝ እርሱ ነው፣ አባቴ። እነርሱ የእኛን ቋንቋ ተምረው መጥተዋል፤ የወሰዷቸውንም መጻሕፍት ቁጭ ብለው እያነበቡ ነው። እኛ ግን ከእነርሱ የሚመጣውን ወረቀት ገልብጠን እንኳ ብንይዘው አናውቅም። ነገ ከንጉሡ ጋር ውል እንጻፍ ቢሉ፣ ምን እንደተጻፈ ማን ይነግረናል? የምንፈራው ሰው የሚናገረውን አለማወቅ ፍርሃቱን ያባብሰዋል እንጂ ይቀንሰዋል?»

«ለዚያ ንጉሡ አስተርጓሚ አላቸው።»

«አስተርጓሚው ባዕድ ሲሆንስ?»

ይህ ጥያቄ መምሬን አስቆጣቸው። ብዙ ሰው ክርክር ሲያልቅበት ሥልጣኑን እንደሚያወጣ፣ እርሳቸውም መስቀላቸውን አወጡ። «እስከ መጪው እሑድ ጊዜ ሰጥቼሃለሁ» አሉ። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዚህ መስቀል ፊት ትምህርቱን ተውሁ ትለኛለህ። አልልም ካልህ እገዝትሃለሁ።»

ዘርአ ዳዊት በዚያ ሳምንት ሁለት ልብ ሆነ። ግዝት የሚፈራው ከሞት ይልቅ ነበር። ልተው ብሎ ይቆርጣል፤ ደግሞ ዓይኑ የበራለት ሰው እንደገና ታወር ሲባል የሚሰማውን ይሰማና ቁርጡ ይፈርሳል።

ዓርብ ጠዋት፣ ገና ጤዛው ሳይረግፍ፣ በበረሃው ዳር ካለችው ከፋሬ የመጣ የጭነት ነጂ የመምሬን ቤት እየጠየቀ ደረሰ። በእጁ የታሸገ ደብዳቤ ይዟል። «ከባሕር ማዶ ነው፤ ከኤደን። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ስድስት ወር ሆኖታል አሉ» ብሎ ሰጣቸውና ሄደ።

የመምሬ ሚስት እሜት አመተ ማርያም ከጓዳ ወጡ። «ኤደን» የሚለውን ሰምተዋል። ልጃቸው የሄደው ወደዚያ ነው። መምሬ ማኅተሙን ሰበሩ፣ ወረቀቱን ዘረጉ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። ያ ሃያ ስድስት ፊደል ነበር ከዳር እስከ ዳር የሞላው። ከመካከሉ ለይተው የሚያውቁት አንድም ምልክት አልነበረም።

መምሬ ወረቀቱን ይዘው ወደ ዘርአ ዳዊት ዞሩ። ከአምስት ቀን በፊት የተናገሩትን ሁለቱም አልረሱም። «አንብበው» አሉ።

ዘርአ ዳዊት ወረቀቱን ተቀበለ። በመጽሐፉ ላይ ያሉት ፊደሎች ተለያይተው የቆሙ ነበሩ፤ እነዚህ ግን በእጅ የተጻፉ፣ እርስ በርስ የተያያዙ፣ እንደ ሐረግ የተጠላለፉ ናቸው። ጣቱን እያስኬደ አንዱን ቃል ለቀም፣ ሌላውን ዘለል አደረገ። ‹ሌተር› — ደብዳቤ። ያውቀዋል። ‹ሰን› — ልጅ። ያውቀዋል። ቀጥሎ የማያውቀው ቃል አለ። ቀጥሎ ‹ዴድ›። ጣቱ ቆመ።

«ምን አለ?» አሉ እሜት አመተ ማርያም።

‹ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል› አለ በልቡ። እንደገና አየው። ራሱ ነው።

«ተናገር!» አሉ መምሬ።

«አባቴ፣ ሁሉን አላወቅሁትም… ነገር ግን… ሞተ የሚል ቃል አለበት።»

ከዚህ በኋላ ማንም የሰማው የለም። እሜት አመተ ማርያም ጮኸው ፊታቸውን ነጩ። ጎረቤት ከየደጁ ሮጠ። መምሬ ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው ወደ ታች ተንሸራተቱ። መርዶ በአገሩ ወግ በሽማግሌ፣ በጥንቃቄ፣ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው፤ ዘርአ ዳዊት ግን አንድ ቃል ከአንድ ወረቀት ነቅሎ በአንዲት እናት ላይ ጣለው።

በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ዓይኑ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ከ‹ዴድ› አለፍ ብሎ አንዲት ትንሽ ቃል አየ፤ ‹ኖት› ትላለች። አይደለም ማለት ነው። ግን ምኑ ነው አይደለም? ከእርሷ ቀጥሎ ያለውን ረጅም ቃል አያውቀውም። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ አሉታው ከግሡ ጋር ተጣብቆ ይመጣ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ግን ብቻዋን ቆማለች፣ የማንን ነገር እንደምታፈርስ አልታወቀም። ምናልባት አንድ የሞተ ሰው አለ፤ ምናልባት የለም።

ወረቀቱን በጉያው ይዞ በጓሮ ወጣ። ከለቅሶ መሸሽ ነውር መሆኑን ያውቃል፤ ሰዎችም ሲወጣ አይተው አጉረምርመዋል። ግድ አልሰጠውም። ያን ቁልቁለት እየወደቀ እየተነሣ ወረደ።

ሐጂ አብዱልጀሊል ከጁምዓ ሶላት ሲመለሱ ከደጃፋቸው ላይ አቧራ ለብሶ አገኙት። ምንም ሳይጠይቁ ደብዳቤውን ተቀበሉና «ቢስሚላህ» ብለው አነበቡ። ዘርአ ዳዊት ፊታቸውን ማየት ፈርቶ እግራቸውን ያያል።

«ምን ብለህ ነገርሃቸው?» አሉ ሐጂ።

«ሞተ የሚል ቃል አለበት ብዬ።»

«አለበት። ስማኝ እንግዲህ።» ሐጂ ቃል በቃል እያመለከቱ ተረጐሙለት። «‹ልጅዎ ሞተ ብሎ ለእርስዎ የተጻፈው የፊተኛው ደብዳቤ ልክ አልነበረም› ይላል። የጻፈው የሕመምተኞች ቤት ጸሐፊ ነው። ጭነት የሚያወርዱባት ጀልባ ተገልብጣ በላይዋ የነበሩት ሁሉ ሰጠሙ ተባለ፤ ያን ጊዜ አንድ ደብዳቤ ጻፈላችሁ። እርሱ መንገድ ላይ ቀርቷል መሰለኝ። ኋላ ግን ልጁን ሌላ ጀልባ አንሥቶት ኖሮ ተገኘ። ቀኝ እጁ ስለተሰበረ ራሱ መጻፍ አልቻለም። አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለ።»

ዘርአ ዳዊት መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ወዲያው ግን ሌላ ፍርሃት ያዘው። «ሐጂ፣ እርስዎ ይምጡና ይንገሯቸው። እኔን ማን ያምነኛል?»

«እኔ ሰው የሞተበት ቤት ሄጄ፣ ሌላ ሃይማኖት ያለኝ ሰው፣ ሙታችሁ ተነሣ ብላቸው ያምኑኛል? አንተው ታነባለህ። ቁጭ በል፤ አንዲት ቃል ሳትዘል እስክትወጣው ድረስ አትነሣም።»

እስኪመሽ አጠኑት። ከመጨረሻው መሥመር ላይ ግን ሐጂ ራሳቸው ቆሙ። ጸሐፊው፣ ‹ይህን ለእናቴ በሉልኝ አለ› ብሎ ከጻፈ በኋላ ትርጉም የሌለው ነገር አስከትሏል። ሐጂ በጣታቸው እየከፈሉ አዩት። «‹አሽ› አመድ ነው። ‹ግሬይ› ደግሞ አመድማ ቀለም ነው። አመድ… አመድማ። ምን ማለቱ እንደሆነ፣ ወላሂ፣ አልገባኝም።»

ዘርአ ዳዊት ግን የገባው መሰለው። ሐዘንተኛ አመድ ይነሰንሳል። ልጁ ደብዳቤውን ካስጻፈ በኋላ ሊሞት መሆኑን አውቆ ለእናቱ አመድ ልኮላት ይሆን? ስድስት ወር ረጅም ጊዜ ነው።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ዳገቱን ጀመረው። በየመታጠፊያው ደብዳቤውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይወጣዋል። ደብሩ ሲደርስ ሕዝቡ ከግቢው ተሰብስቧል። ካህናቱ ፍትሐቱን ሊጀምሩ ነው። እሜት አመተ ማርያም ራሳቸውን ተላጭተው፣ ጥቁር ለብሰው ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠዋል። መምሬ ሲያዩት ከመቋሚያቸው ላይ ቀና አሉ።

«በልጄ ለቅሶ ላይ አልነበርህም» አሉ።

«አባቴ፣ ፍትሐቱን ያቁሙት። ወልደተንሣኤ አልሞተም።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። መምሬ ቀርበው በዝቅታ ድምፅ፣ «ትናንት ገደልኸው፤ ዛሬ አስነሣኸው» አሉ። «አፉ ያው አንድ አፍ ነው። በየትኛው ልመንህ? ለእናቱ ተስፋ ሰጥቼ ኋላ ዳግመኛ ብነጥቃት ከማን ጋር ልፋረድ?»

«እውነትዎ ነው። ትናንት ያነበብሁት ተደብቄ የተማርሁትን ነው። አንዲት ቃል ጐደለችኝ፤ ያች የጐደለችው ቃል ልጅዎን ገደለችው። ዛሬ ግን ጨርሼ ተምሬው መጥቻለሁ። ሁሉን በሰው ፊት ላንብበው። ከተሳሳትሁ እሑድ አይጠብቁ፤ አሁኑኑ ይገዝቱኝ።»

መምሬ በእጃቸው ለካህናቱ እንዲቆዩ ምልክት ሰጡ።

ዘርአ ዳዊት በመጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ፣ መሥመር በመሥመር አነበበ። ስለ ጀልባዋ ሲሰሙ እሜት አመተ ማርያም አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ስለ እጁ መሰበር ሲሰሙ ደረታቸውን መቱ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ቆመ። ላንብበው ወይስ ልተወው? አንዲት ቃል መዝለል ምን እንዳመጣ ግን ትናንት አይቷል።

«እሜቴ፣ ከዚህ በታች ያለው አልገባኝም። ለእናቴ በሉልኝ ይላል፤ ትርጉሙ ግን ጥሩ አይመስልም። እንደ ተጻፈ ድምፁን ላሰማዎ።» አንዱን ፊደል ከሌላው እያገናኘ፣ እየፈራ፣ አወጣው። «አሽ… አ… ግሬይ።»

እሜት አመተ ማርያም ቀና አሉ።

«እንደገና በል።»

«አሽ-አ-ግሬይ።»

«አሻግሬ!» አሉ እናት። ተነሥተው ቆሙ። «አሻግሬ ነው የሚለው! ሦስት ልጆች ሞተውብኝ እርሱን ስወልድ እመቤቴን አሻግሪልኝ ብዬ ያወጣሁለት ስም ነው። ድቁና ሲቀበል አባቱ በክርስትና ስሙ እንጂ አይጠራ ብሎ ካስቀረው አሥራ አምስት ዓመት ሆነው። ይህን ስም ከእኔና ከእርሱ በቀር ኤደን ላይ ማን ያውቃል?»

ዘርአ ዳዊት ወረቀቱን አየ። ሐጂ ያላገኙት በእንግሊዝኛ ስለፈለጉት ነው። አማርኛ ነበር፤ በባዕድ ፊደል ተጽፎ የመጣ የቤት ስም።

የመምሬ ኪዳነ ማርያም መቋሚያ ከእጃቸው ወደቀ። ያን ስም ያስቀሩት እርሳቸው ናቸውና ያውቁታል። ለካህናቱ፣ «ፍትሐቱ ይቅር፤ የምሕላ ጸሎት እናድርስ» አሉ።

ከጸሎቱ በኋላ መምሬና ዘርአ ዳዊት በደጀ ሰላሙ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «የፈራሁት ቋንቋው ልጄን እንዳይወስድብኝ ነበር» አሉ መምሬ። «ሊወስድብኝ የነበረው ግን አለማወቃችን ነው። እኔን ባትፈራ ኖሮ ተደብቀህ አትማርም ነበር፤ ተደብቀህ ባትማር ያችን ቃል አታጣትም ነበር። የትናንቱ ለቅሶ ከፊሉ የእኔ ሥራ ነው።»

«አባቴ፣ እንዲህ አይበሉ። እኔም የማላውቀውን ያወቅሁ መስሎኝ አፌን ከፍቻለሁ።»

«እንግዲያስ ሁለታችንም እንታረም። ከእንግዲህ በግልጽ ተማር፤ በሳምንት አንድ ቀን ሳይሆን ሦስት ቀን ውረድ። ዳዊትህን ግን ጠዋት ጠዋት እኔው እሰማልሃለሁ። ፍርሃቴ አልጠፋም፤ ከጎንህ ሆኜ ልፍራ ብዬ ነው።»

ወልደተንሣኤ በሚቀጥለው ታኅሣሥ ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ገባ። ቀኝ እጁ ከዚያ ወዲያ ብርዕ አልያዘም፤ የአባቱን ብራናዎች የጻፈው ዘርአ ዳዊት ሆነ። ዘርአ ዳዊትም እየተማረ ሄዶ፣ ከባሕር የሚመጣው መድኃኒት የሚጠጣ ይሁን የሚቀባ ለበሽተኛ እያነበበ ይነግር፣ ለነጋዴ የማያውቀውን ውል ከመፈረሙ በፊት ያስረዳ፣ ልጁ ርቆ የሄደበትን ወላጅ ደብዳቤ በጥንቃቄ ያነብ ጀመር። የማያውቀው ቃል ሲያጋጥመው፣ «ይህን አላውቀውም፤ ጠይቄ እስክመጣ ታገሡኝ» ለማለት አያፍርም ነበር። ሁለት ዲያቆናትም ከእርሱ ጋር እንዲማሩ መምሬ ፈቀዱ።

ከነዚህ ያንደኛው አባት ብርሃነ መስቀል የሚባል ገበሬ አንድ ቀን በቁጣ ወደ መምሬ ቤት መጣ። «መምሬ፣ ልጄን ለእግዜር ሰጠሁት እንጂ ለፈረንጅ አልሰጠሁትም! ነገ ማተቡን በጥሶ ቢመጣ ምን ሊሉኝ ነው?» አለ።

መምሬ ኪዳነ ማርያም አልተቆጡም። ፍርሃቱን ያውቁታል፤ የራሳቸው ነበር። ከመደቡ ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁለት።

«ግባ፣ ተቀመጥ፣ ብርሃነ መስቀል» አሉት። «አንድ ቀንና አንድ ሌሊት በሕይወት ላለ ልጄ እንዴት እንዳለቀስሁ ላጫውትህ።»